ፖሊፎኒንና የዘመናችንን የኳየር ሥራ በአንድ መርሐ ግብር ማጣመር፦ ለ18 ዘማሪ ምን ይሆናል?

የፒያሳ መዘምር

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ የሚለማመድ፣ ያለ መሣሪያ የሚዘምር ትንሽ ኳየር አለን። 18 ነን፦ 6 ሶፕራኖ፣ 5 አልቶ፣ 3 ቴነር፣ 4 ባስ። ግማሾቹ ኖታ ያነባሉ፣ የቀሩት በጆሮ ነው የሚይዙት። ሶፕራኖዎቹ እስከ ላይኛው ላ ያለ ችግር ይወጣሉ።

ለገና ሰሞን የ16ኛውንና የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ፖሊፎኒ (እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መስመር ይዞ አብረው የሚዘምሩበት) ከዘመናችን አቀናባሪዎች ሥራ ጋር ጎን ለጎን የምናቀርብበት፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ መርሐ ግብር አስበናል። እስካሁን የያዝነው ዝርዝር ይኼ ነው፦ የቪክቶሪያ «ኦ ማኙም ሚስቴሪዩም»፣ ሎሪድሰን በዚያው ጽሑፍ ላይ የሠራው፣ የፓለስትሪና «ሲኩት ቼርቩስ»፣ የአሌግሪ «ሚዜሬሬ» እና ከአርቮ ፔርት አንድ ሥራ።

አሮጌውንና አዲሱን በምን መስፈርት እናጣምር? ሦስት ቴነር ይዘን የትኛውን እንተው? ኪቦርድ በሌለበት ድምፃችን እየወረደ እንዳይሄድ ምን እናድርግ? ኖታውስ በምን መንገድ ይገኛል? ልምምዱ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ኮንትራፑንት

አንዱ አሮጌ፣ ሌላው አዲስ ስለሆነ ብቻ ጥንድ አይሆኑም። አድማጩ ኖታ ሳያይ በጆሮው የሚይዘው ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ወይ ጽሑፉ አንድ ይሁን፣ ወይ ሁለቱም ከአንድ የግሪጎሪያን ዜማ (የላቲን ቤተ ክርስቲያን ባለ አንድ ድምፅ ዜማ) ይነሡ፣ ወይ አዲሱ አቀናባሪ ከአሮጌው ሥራ ይቅዳ። ከዝርዝራችሁ ይህን የሚያሟላው የቪክቶሪያና የሎሪድሰን ጥንድ ብቻ ነው።

እርሱ ግን በጣም ጥሩ ጥንድ ነው። ቪክቶሪያ ሞቴቱን (በብዙ ድምፅ የሚዘመር አጭር የላቲን መንፈሳዊ ሥራ) ያሳተመው በ1572 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሶፕራኖ ከሬ ወደ ሶል ወርዶ ተመልሶ ሬ ላይ ይወጣል፣ አልቶ እግር በእግር ይከተለዋል፣ ወንዶቹ ቆይተው ይገባሉ። «ኦ ቤያታ ቪርጎ» ሲደርሱ መከታተሉ ያቆምና አራቱም ድምፆች አንድ ላይ ቃሉን ይናገራሉ። መጨረሻ ላይ «አሌሉያ» ወደ ሦስት ምት ይለወጣል። ሎሪድሰን በ1994 ያንኑ ጽሑፍ ሲሠራ መከታተሉን ትቶ ረጃጅም አኮርዶችን (አብረው የሚሰሙ የድምፆች ስብስብ) መረጠ። በሥራው ሁሉ ውስጥ ከሬ ሜጀር ውጪ የሆነ ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ቪርጎ» ላይ አልቶዎች የሚይዙት ሶል ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ሶል) ነው። ማርያም በልጇ ስቅለት የሚደርስባትን ሐዘን እንዲያመለክት ሆን ብሎ እንዳስገባው አቀናባሪው ራሱ ጽፏል። እንግዲህ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ይህ ቃል ነው፦ አንዱ ድምፆቹን ሁሉ አንድ በማድረግ ያከብረዋል፣ ሌላው አንድ ባዕድ ድምፅ በማስገባት። በፕሮግራም ወረቀቱ ላይ በሁለት መስመር ብትጽፉት አድማጭ ሁለቱንም ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛ ጥንድ የምመክረው ታሊስንና ጄምስ ማክሚላንን ነው። የታሊስ «ኦ ናታ ሉክስ» (1575) ባለ አምስት ድምፅ ሆኖ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። የማክሚላን «ኦ ሬዲያንት ዶውን» (2007) ባለ አራት ድምፅ ነው፤ የመክፈቻ አኮርዶቹ ታሊስን ያስታውሳሉ፣ ጽሑፉም በጨለማ ላሉት ብርሃን እንዲወጣ የሚለምን የገና ዋዜማ ሰሞን ጸሎት ነው። ታሊስ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መዝጊያው ላይ አንዱ ድምፅ ኖታውን በሻርፕ፣ ሌላው ያንኑ ያለ ሻርፕ በአንድ ቅጽበት ይዘምራሉ። ጆሮ ስህተት ነው ይላል፤ ስህተት አይደለም፣ የዘመኑ የእንግሊዝ አጻጻፍ ነው። አንዱን ድምፅ «አስተካክላችሁ» ካለሰለሳችሁት የሥራው ውበት አብሮ ይሄዳል።

ከፔርት «ዳ ፓቼም ዶሚኔ» (2004) ይሻላችኋል። የማድሪድ ባቡሮች ላይ ፈንጂ በፈነዳ በሁለተኛው ቀን ነው መጻፍ የጀመረው፤ መሠረቱ የ9ኛው ክፍለ ዘመን የሰላም ጸሎት ዜማ ነው። ከፊቱ ያንን ዜማ ብቻውን በአንድነት ዘምሩት፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ፖሊፎኒ ማስቀደም አያስፈልግም፤ ከአንድ ድምፅ ወደ አራት መሄዱ ራሱ ይሰማል።

አሌግሪን ተዉት። ሁለት ኳየር፣ አምስትና አራት፣ በድምሩ ዘጠኝ ድምፅ ይፈልጋል፤ ሁሉም የሚጠብቀው ላይኛው ዶም እናንተ ከጻፋችሁት ላ በላይ ነው። ያ ዶ ከአሌግሪ በኋላ በተደረገ ቅጂ የገባ ስለሆነ ያለ እርሱ መዘመር ይቻላል፣ ነገር ግን ጽሑፉ መዝሙር 50 ነው፤ የንስሐ ጸሎት ለገና ምሽት አይስማማም። ፓለስትሪናንም ለትንሣኤ አቆዩት። የ«ሲኩት ቼርቩስ» ጽሑፍ በላቲን ሥርዓት የቀዳም ሥዑር ነው፤ በዚያ ላይ መጀመሪያ ብቻውን የሚገባው ቴነር ነው።

ጊዜ ለመሙላት አዲስ ነገር ከመፈለግ ይልቅ ቪክቶሪያ በራሱ ሞቴት ላይ የሠራውን ቅዳሴ (1592) ተመልከቱ። ኪሪዬውና ሳንክቱሱ ከሞቴቱ የተወሰዱ ሐረጎች ስላሉባቸው ሞቴቱን ያወቀ ኳየር በግማሽ ጊዜ ይይዛቸዋል። ለአዲስ አበባ አድማጭም ሌላ ጥቅም አለው፦ «ኪርያላይሶን» ሲል ያደገ ሰው «ኪሪዬ ኤሌይሶን»ን ሲሰማ ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል።

የአራት ኪሎ ቴነር

ከላይ በተባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሎሪድሰንን ግን ለዚህ ኳየር አልመክርም። ሥራው አራት ድምፅ ተብሎ ቢጻፍም ቴነሩም ባሱም ይከፈላል። ሦስት ቴነር ሲከፈል ሁለትና አንድ ነው። ስድስት ደቂቃ የሚዘልቁ ረጃጅም አኮርዶች የሚያዙት ደግሞ ዘማሪዎቹ ሳይሰማ በተራ በተራ እየተነፈሱ ነው። ለዚያ በእያንዳንዱ መስመር ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ቢቻል ሦስት ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን የያዘው መስመር በተነፈሰ ቁጥር አኮርዱ ይሰበራል፤ ትንፋሹን ላለመቁረጥ ከታገለ ደግሞ ድምፁ ይጠነክርና ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል። ሁለት ዝቅ ያሉ አልቶዎችን ከቴነር ጋር ማቆም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን አልቶው ይሳሳል፣ ያችን ሶል ሻርፕ የሚይዙትም እነርሱ ናቸው።

በምትኩ የጆን ታቬነር «ዘ ላምብ» (1982) ከቪክቶሪያ ጋር ይሄዳል። ቪክቶሪያ እንስሳት በግርግም የተኛውን ጌታ እንዳዩ ይናገራል፤ ታቬነር ሕፃንን፣ በግንና ክርስቶስን በአንድ ስም የሚጠራ ግጥም ወስዷል። ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ቴነርና ባስ የሚገቡት ከፊሉ ላይ ብቻ ነው፣ ሲገቡም ከሴቶቹ ጋር በአንድ ምት ይሄዳሉ።

አስቸጋሪው ቦታ ሁለተኛው ሐረግ ነው። ሶፕራኖ ሶል–ሲ–ላ–ፋ ሻርፕ–ሶል ስትል አልቶ በመስታወት እንደታየ ገልብጣ ሶል–ሚ ፍላት–ፋ–ላ ፍላት–ሶል ትላለች (ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። አብዛኛው ኳየር የሚሳሳተው አልቶዎች ሶፕራኖን እየሰሙ ለማስማማት ሲሞክሩ ነው። መካከሉ ሆን ተብሎ የማይስማማ ስለሆነ የሚይዙት ነገር አያገኙም፣ ሚ ፍላቱ ወደ ሚ ይሸሻል። መድኃኒቱ እንዲህ ነው፦ አልቶዎች ሐረጉን ያለ ሶፕራኖ ቃል በቃል እስኪያስታውሱት ይለማመዱ። ከዚያ ሁለቱም በጣም ቀስ ብለው አብረው ይሂዱና መድረሻዋ ሶል ላይ ብቻ ይፈትሹ። ሶሉ ፍጹም አንድ ከሆነ መንገዱ ትክክል ነበር። አንድ ካልሆነ ከመሐል አታርሙ፣ ከመጀመሪያው ሶል ጀምሩ።

ታሊስ ላይም አምስተኛውን ድምፅ ከሦስቱ ቴነሮች አትቁረጡ። ከመካከለኛዎቹ መስመሮች ዝቅ የሚለውን ከፍ ብሎ መዘመር የሚችል ባስ ይያዘው።

የፒያሳ መዘምር

እግዜር ይስጥልን፣ የአልቶው ማብራሪያ በተለይ ጠቅሞናል። ላቲኑን በምን መልክ እንስጣቸው? በጆሮ የሚይዙት ልጆች በላቲን ፊደል ሲያነቡ በእንግሊዝኛ አነባበብ ይሳሳታሉ። ድምፁን በቴሌግራም መላክስ ይረዳል?

ፊደልና ኖታ

ላቲኑን በራሳችን ፊደል ጻፉላቸው፣ ከእንግሊዝኛው ፊደል በጣም ይሻላል። ኳየሮች በብዛት የሚጠቀሙት የሮማ ቤተ ክርስቲያን አነባበብ ለእኛ ምላስ ቅርብ ነው። ሌሎች የሚቸገሩበት የ«ማኙም» እና የ«አኙስ» ኝ ለእኛ ተራ ፊደል ናት።

ጥንቃቄ የሚፈልጉት ነገሮች ሌሎች ናቸው። ስትጽፉ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ እና ጰ ከወረቀቱ ላይ እንዳይገኙ፤ ላቲን የሚፈነዳ ድምፅ የለውም። «ፓቼም» በች ነው፣ በጭ ከተዘመረ ትንፋሹ እዚያ ይቆረጥና መስመሩ ይሰበራል። «ግራትሲያ» በትስ ይጻፍ፣ በጽ አይጻፍ። ሁለተኛው አናባቢ ላይ ነው፦ አማርኛ ተናጋሪ «ቤ» ሲል ትንሽ ይ፣ «ዶ» ሲል ትንሽ ው ያስገባል። በንግግር አይሰማም፣ ረጅም ኖታ ላይ ግን አሥራ ስምንት ሰው አንድ ላይ ሲያደርገው «ቤያታ» «ብዬያታ»፣ «ዶሚኑም» «ድዎሚኑም» ይሆናል። አናባቢውን ብቻውን፣ «ኤ…አ» እና «ኦ…ኢ…ኡ» እያላችሁ ሐረጉን ዘምሩ፣ ከዚያ ተነባቢውን መልሱ።

ሦስተኛው ሳድስ ነው። «ሳክራሜንቱም» ውስጥ ክ እና ራ መካከል፣ «ቪዴሬንት» መጨረሻ ላይ እ ማስገባት ይቀናናል። እርሷ የምትገባበት ቦታ ምት ትበላለች፣ የተለያየ ሰው በተለያየ ጊዜ ሲያስገባት ደግሞ መስመሩ ይንጠባጠባል። መዝጊያዋን «ት» ሁሉም በመሪው እጅ አንድ ላይ ይልቀቃት። «አሌሉያ» ላይም «ሃ» እንዳትገባ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ «ሃሌ ሉያ» እያለ ያደገ አፍ በራሱ ያስገባታል።

ስለ ቴሌግራም፦ የየድምፁን መስመር ቀርጾ መላክ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ አቁሙት። የራሱን መስመር ብቻ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ብቸኛ ዘፋኝ ሆኖ ይመጣል፣ ሌላው ሲገባ ዝቅ ማለትን አይለምድም። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ የምትልኩት የእርሱ መስመር የጎደለበትን፣ ሦስቱ ድምፆች ብቻ ያሉበትን ቅጂ ይሁን፤ እርሱ ራሱ ይሙላው። የሰው ድምፅ ይሁን እንጂ የኮምፒውተር ድምፅ አይሁን።

ኮንትራፑንት

ከላይኛው ጋር አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ሙዚቃ ኖታ ላይ ያለው፣ ባርን ከባር የሚለየው ቀጥ ያለ መስመር የዛሬ አሳታሚ ያስገባው ነው። በዘመኑ ዘማሪው የራሱን ድምፅ ኖታ ብቻ ነበር የሚያየው፣ ያለ ባር መስመር። ስለዚህ የባሩ መጀመሪያ ምት ላይ አትርገጡ፤ ክብደቱ ያለው ቃሉ ላይ ነው፦ ሚስቴሪዩም፣ ሳክራሜንቱም። የአራቱም ድምፅ ክብደት በተለያየ ጊዜ ነው የሚወድቀው፣ ፖሊፎኒው የሚሰማውም በዚህ ነው። ሁሉም ባሩን ከቆጠረ ቪክቶሪያ ሰልፍ ይሆናል።

ከኖታው በላይ በትንሹ የተጻፈ ሻርፕ ወይም ፍላት ካያችሁ የአሳታሚው ምክር ነው። መሪው መጀመሪያ ይወስን፣ ከዚያ ሁሉም በእርሳስ ይጻፍ። ከሁለት የተለያየ ኅትመት የሚዘምሩ ሰዎች አንዱ በሻርፕ ሌላው ያለ ሻርፕ ይገቡና ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ሰው ላይ ይፈልጋሉ።

ባለ ፎርኩ

ድምፅ ስለመውረዱ። ኪቦርድ ባለመኖሩ አትዘኑ፤ ለዚህ ሙዚቃ ኪቦርድ የሚያስፈልገው ለመነሻ ድምፅ ብቻ ነው። የኪቦርድ ሜጀር ሦስተኛ (ለምሳሌ ከሶል እስከ ሲ) ከንጹሑ ሦስተኛ 14 ሴንት ያህል ይሰፋል፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። አምስተኛው (ለምሳሌ ከሶል እስከ ሬ) ደግሞ በ2 ሴንት ብቻ ይጠባል። ኳየሩ በኪቦርድ ሲለማመድ ሦስተኛውን ከፍ አድርጎ መያዝ ይለምዳል፣ መዝጊያ አኮርዱም ይንቀጠቀጣል። 440 የሚመታ የብረት ፎርክ (ሲመቱት አንድ ቋሚ ድምፅ፣ ላን፣ የሚሰጥ) በቂ ነው፣ መብራት ሲሄድም አይጠፋም።

አኮርድ የምታቆሙት እንዲህ ነው፦ ባስ መሠረቱን ይያዝ፣ አምስተኛው ይግባበትና መንቀጥቀጡ እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ በለሰለሰ ድምፅ ይግባ። ሦስተኛውን የያዘው ሰው ከጮኸ ምንም ቢደረግ አይስማማም። ይህን በየልምምዱ አምስት ደቂቃ ሥሩ፣ በቪክቶሪያ የመጨረሻ የሶል አኮርድ ላይ።

የሚወርድባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ ድምፅ ሲደጋገም እያንዳንዱ ድግግሞሽ ትንሽ ይሰምጣል፤ ድግግሞሹን እየወጣችሁ እንደሆነ አድርጋችሁ አስቡት። በደረጃ ሲወርዱ እርምጃው ይሰፋል፣ ሲወጡ ይጠባል። ጸጥ ብሎ መዘመር ትንፋሽን ያሳጥራል፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። እዚህ አገር የሚጨመር ነገርም አለ፦ በትዝታ ሜጀር ያደገ ጆሮ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ ጽኑ ነው፤ በቅኝቱ ውስጥ የሌሉት ፋ እና ሲ ላይ ግን ያመነታል። ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ዶ ያለውን ግማሽ ድምፅ በየማሟሟቂያው ለየብቻ አሠሩ፤ ቪክቶሪያ መክፈቻው ላይ ከሬ ወደ ሚ ፍላት የሚሄደው ያው ግማሽ ድምፅ ነው፣ ከሰፋ ገና በመጀመሪያው ገጽ ከቁልፉ ትወጣላችሁ።

ስትለማመዱ በየገጹ መጨረሻ ላይ ፎርኩን ምቱና ምን ያህል እንደወረዳችሁ በእርሳስ ጻፉ። ከሦስት ልምምድ በኋላ የሚወርደው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መሆኑን ታያላችሁ፤ እዚያን አራት ባር ብቻ ጠግኑ። አሁንም ከወረደ ሥራውን በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩት። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ የኳየሩ ሳይሆን ቁልፉ የሶፕራኖዎቹ የድምፅ መሻገሪያ (ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው የድምፅ አወጣጥ የሚያልፉበት ቦታ) ላይ መውደቁ ነው።

አቋቋም፦ ሦስቱን ቴነሮች ከመሐል፣ ባሶቹን ከኋላቸው አድርጉ። ጫፍ ላይ ከቆሙ ይፈራሉ፣ ሲፈሩም ይጮኻሉ።

የማዘጋጃ ሠፈር ልጅ

ስለ ቦታውና ስለ ኖታው እኔ ልበል።

መጀመሪያ ቦታውን ባዶ ሳለ አንዴ በኃይል አጨብጭቡና ድምፁ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከያዘ ታሊስንም ፔርትንም ይሸከማል፤ «አሌሉያ»ን ግን ቀስ በሉ፣ አለዚያ ምቶቹ ይደራረባሉ። ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ አዳራሽ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው የሚይዘው፤ እዚያ ረጅም አኮርድ ይሞታል፣ ፔርትን ፈጠን አድርጉ። ጀርባችሁን ወደ ጠንካራ ግድግዳ፣ ክቡን ጠበብ አድርጋችሁ ቁሙ። ለየሰዉ ማይክ አትስጡ። ግድ ከሆነ ሁለት ብቻ፣ ከፊት ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብለው፣ ያለ ምንም ማስተጋቢያ። ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ገና በበጋ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ይህን መርሐ ግብር ወደ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ አታሸጋግሩት፣ ዝናቡ ጸጥ ያለውን ሁሉ ይበላዋል።

ቀኑን በታኅሣሥ 16 (የፈረንጆቹ ገና) እና በታኅሣሥ 29 መካከል አድርጉት፣ ታኅሣሥ 19ን ግን ዝለሉ፤ ገብርኤል ስለሆነ ሰዉም መንገዱም ሌላ ነው። ዋዜማውንም አትንኩ፣ ማኅሌት የሚቆም ሰው አለ። ቅዳሜ በ10 ሰዓት ጀምራችሁ ከ11 በፊት ብትጨርሱ አድማጭ በብርሃን ታክሲ ያገኛል። የታኅሣሥ ምሽት በድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ይበርዳል፤ ማሟሟቂያው 20 ደቂቃ ይሁን፣ እዚያው በምትዘምሩበት ክፍል ውስጥ።

ኖታ፦ ቪክቶሪያና ታሊስ በኢንተርኔት ላይ በነፃ የኳየር ኖታ ማኅደር (ሲፒዲኤል) ይገኛሉ። አንዱን ሥራ ብዙ ሰው አሳትሞታልና ለሁሉም ያንኑ የኅትመት ቁጥር አውርዱ፣ ቁልፉንም እዩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትወስዱ በኤ4 ፊትና ጀርባ ይታተም፤ ሁለት ገጽ በአንድ ፊት ካጠበቡት በአምፖል ብርሃን አይነበብም። ገጽ የሚገለጥበት ቦታ የሦስት ምቱ መግቢያ ላይ እንዳይወድቅ አስተካክሉ።

ታቬነር፣ ማክሚላን፣ ፔርትና ሎሪድሰን ግን በግዢ ናቸው። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል፤ አንድ ገዝቶ 18 ማባዛት አይፈቀድም። ታቬነር በቼስተር፣ ማክሚላን በቡዚ ኤንድ ሆክስ፣ ፔርት በዩኒቨርሳል ኤዲሽን ነው የሚታተሙት። በቅጂ ቁጥር የሚሸጥ ፒዲኤፍ ካለ ከፖስታ ይሻላል፤ 19 ግዙ፣ መሪውን ጨምሮ። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ የሚከፍልላችሁን ሰው ከመስከረም በፊት ፈልጉ፤ ኖታ በኅዳር የደረሰው ኳየር ማክሚላንን አያደርስም። በሕዝብ ፊት ለማቅረብ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ለአሳታሚው በዚያው ኢሜይል ጠይቁ።

ዘድጓ

ከዚህ ሁሉ መሐል የእኛው ዜማ ለምን የለም? ከቪክቶሪያ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተነሣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ እያለ በአራት ኪሎና በፒያሳ መሐል ላቲን ብቻ መዘመሩ ደስ አይለኝም። የልደትን ዜማ በግዕዝ ከፔርት ፊት ብታስቀምጡት?

ኮንትራፑንት

ሐሳቡን አከብራለሁ፣ በጥንቃቄ ግን። የያሬድ ዜማ በአንድ ድምፅ የተሠራ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የየራሳቸው አካሄድ አላቸው፣ በድጓው ምልክት የተጻፈውንም ከመምህር ያልተማረ ሰው አንብቦ አያወጣውም። በኳየር ከቀረጻ ተሰምቶ ቢያዝ ዜማው ይጎድላል፣ አራት ድምፅ ቢሰጠው ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። የፔርት ዘዴ ላዩን ሲሰማ ቅርብ ይመስላል፤ ነገር ግን እዚያ አንዱ ድምፅ በደረጃ ሲሄድ ሌላው የአንድ አኮርድ ሦስት ኖታዎች ላይ ብቻ ነው የሚቆመው፣ ለአውሮፓ ቅኝት የተሠራ ነው። ዜማው ይግባ ከተባለ መሪጌታ ጋብዛችሁ፣ እርሳቸው በሚፈቅዱት ዜማና ሥርዓት፣ ኳየሩ ዝም ብሎ እያዳመጠ ይሁን። ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆነ የልደትን ዜማ አስቀድሞ ማዜም ይገባ እንደሆነም የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው።

ዘድጓ

በዚህ እስማማለሁ። ከበሮና ጸናጽል ይመታ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የፒያሳ መዘምር

በተጻፈው መሠረት ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርገነዋል፦ የቪክቶሪያ ሞቴት፣ «ዘ ላምብ»፤ ኢሳይያስ 9 በአማርኛ ይነበባል፤ ታሊስ፣ ማክሚላን፤ ሉቃስ 2 ይነበባል፤ የቪክቶሪያ ኪሪዬ፣ የ«ዳ ፓቼም» ዜማ፣ ፔርት፤ ሳንክቱስ፤ መጨረሻ ላይ የቪክቶሪያ ሞቴት በድጋሚ። ሎሪድሰንን ቴነር ስናገኝ እንመለስበታለን። ንባቡን ጨምሮ 40 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። በሥራዎቹ መካከል በየጊዜው ፎርክ መምታቱ ጸጥታውን አይረብሽም?

ባለ ፎርኩ

ሁሉም ቦታ አያስፈልግም። ቪክቶሪያ በሶል አኮርድ ያልቃል፣ «ዘ ላምብ» በሶል ይጀምራል፤ ሶፕራኖዎች ሶሉን ከአኮርዱ ውስጥ ወስደው በቀጥታ ይግቡ። ሞቴቱ ሲያልቅ ትንሽ ወርዳችሁ ቢሆን እንኳ መሣሪያ ስለሌለ ከዚያው ቀጥሉ፤ ወደ ትክክለኛው ለመመለስ ብትሞክሩ ነው የሚሰማው። ይህ የሚሠራው ግን ቪክቶሪያን ቁልፉን ሳትለውጡ ከዘመራችሁ ነው። በግማሽ ድምፅ ከፍ ካደረጋችሁት ታቬነርንም በዚያው ልክ ከፍ አድርጉት፣ ወይም ፎርኩን ተጠቀሙ።

ታሊስ፣ ኪሪዬና ሳንክቱስ ከንባብ ወይም ከፔርት በኋላ ስለሆኑ ፎርክ ይፈልጋሉ። መሪው በጆሮው አጠገብ መትቶ መነሻ ድምፆቹን በ«ም» በጣም ዝቅ አድርጎ ይስጥ፣ ከባስ ጀምሮ ወደ ላይ። በንባቡ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ይምታው፣ አንባቢው ሲጨርስ ድምፁ በእጁ ይሆናል። ከታሊስ ወደ ማክሚላን ስትሻገሩ ያወረዳችሁት ኅትመት በምን ቁልፍ እንደሆነ እዩና የሁለቱን መነሻ ርቀት ለየድምፁ በእርሳስ ጻፉላቸው፦ «ከመጨረሻ ኖታህ አንድ እርምጃ ወደ ላይ» ዓይነት። ለልምምድም የታሊስን የመጨረሻ ሁለት ባርና የማክሚላንን የመጀመሪያ ሁለት ባር ብቻ እያያያዛችሁ አሥር ጊዜ ዘምሩ፤ ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ የሚያውቅ ኳየር በዚች ስፌት ላይ ነው የሚሳሳተው። በጥንዶቹ መካከል እንዳይጨበጨብም በፕሮግራሙ ወረቀት አናት ላይ ጻፉ፣ አለዚያ የወሰዳችሁት ሶል በጭብጨባው ውስጥ ይጠፋል።